ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ መኪናውስ የት ያድራል?

በአሜሪካና በአውሮፓ አንዳንድ የረጅም ርቀት ሾፌሮች ውሻ ጋቢና ውስጥ ይዘው ይጓዛሉ። ብቻቸውን ስለሚነዱ ውሻው ቀን ጓደኛ፣ ሌሊት ዘበኛ ይሆናቸዋል። ከጣና ዳር የፎገራን ሩዝና ሽንኩርት ጭኖ፣ በባሕር ዳር አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚያቀናው መኪና ግን ውሻ አይዝም። ጉዳዩ እንስሳን የመውደድና የመጥላት ሳይሆን የሒሳብ ነው።

ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጭነት የከበደው መኪና በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ በዝግታ ወርዶ በዝግታ ስለሚወጣ፣ መንገድ ላይ ማደር የተለመደ ነው። ሲመሽ ሾፌሩ አልጋ ይይዛል፤ ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ወይም ከጭነቱ ላይ ያድራል። ሌሊቱን የሚጠብቀው እህሉን ብቻ አይደለም፤ ናፍጣ፣ ባትሪና ስኮርታም የሌባ ዓይን ያርፍባቸዋል። ረዳቱ ለጎማው ታኮ ያደርጋል፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይስባል፣ ገመድ ያጠብቃል። ውሻ ቢጮህ እንጂ ይህን ሁሉ አይሠራም።

ጩኸቱም ቢሆን ቦታ ይፈልጋል። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እንደሚባለው፣ ውሻ በደንብ የሚጠብቀው የለመደውን ግቢ ነው። መኪናው ግን ዛሬ ደጀን፣ ነገ መርካቶ ያድራል። በየደረሰበት ሁሉም እንግዳ ነውና ሌባውንም፣ ጫኝና አውራጁንም፣ የኬላ ተቆጣጣሪውንም እኩል ይጮህባቸዋል። አልጋ ቤት አያስገባውም፤ እህል ላይ ውሻ ተኝቶ ያየ ገዢም ቅር ይለዋል።

ከነከሰ ደግሞ ወጪው ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሰጋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ መተላለፍ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በየመንገዱ ከባዘኑ ውሾች ጋር የሚገናኝ የመኪና ውሻ ሳይከተብ ቢጓዝ፣ በሽታውን ከከተማ ከተማ ሊያዞር ይችላል።

ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ረዳቱ ያደላል። ችግሩ የረዳቱ ዋጋ በጭነት ኪራይ ሒሳብ ውስጥ በግልጽ አለመታየቱ ነው። በአብዛኛው ሥራ የሚይዘው በቃል ነው፤ ምግቡና የቀን ክፍያው ከሾፌሩ እጅ ይወጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በቃል የተቀጠረ ሠራተኛ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ ከአሠሪው እንዲሰጠው ያዛል። የረዳት አሠሪ ሾፌሩ ነው ወይስ ባለመኪናው? ይህ አስቀድሞ ካልተለየ፣ ሌሊት ጉዳት የደረሰበት ረዳት ሁለቱም እርስ በርስ ሲመላለሱበት መሐል ይቀራል።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተከሰተው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ የአንድ ሌሊት ጥበቃ የቀናት ጥበቃ የሆነበት ጊዜ አለ። የታጠቀ ሰው በመጣ ጊዜ ውሻም ሆነ ረዳት አያስጥሉም፤ ዘበኛ ባለው ግቢ ማደር ግን ስጋቱን ይቀንሳል። ግቢው ደግሞ ክፍያ አለው።

እንግዲህ ኪራይ የሚከራከር ነጋዴ በኩንታል ስንት ብሎ ብቻ ባያበቃ ይበጀዋል። መኪናው የት እንደሚያድር፣ ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ ክፍያውን ማን እንደሚችል ጠይቆ በውሉ ላይ ቢያሰፍር ንብረቱም ረዳቱም ይጠበቃሉ። ርካሽ የመሰለው ኪራይ ብዙ ጊዜ የሚረክሰው ሌሊት ንብረቱን ከሚጠብቀው ሰው ላይ ተቀንሶ ነው።