ደብረ ብርሃን፦ ስሟና አጠራሯ

ከመንዝ፣ ከግሼም ሆነ ከመርሐ ቤቴ የተነሣ ባለጉዳይ የዞን መሥሪያ ቤት ፍለጋ የሚመጣው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለችና ብርዷም ስለታወቀ፣ ስሟን «የብርሃን ተራራ» ብለው የሚፈቱ ብዙዎች ናቸው። ይህ ፍች ከግእዝ ጋር አይጣላም፤ ከከተማዋ ታሪክ ጋር ግን አይገጥምም። ከተማዋ የተቀመጠችው ሜዳ ላይ ነው፤ ስሟም የወጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደሚተረከው፣ መናፍቃን ተብለው የተፈረደባቸው ሰዎች በድንጋይ ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም እግዚአብሔር ፍርዱን እንደወደደው ቆጥረው በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው ተከሉ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1456 ገደማ ስለሆነ ብርሃኑ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነበር የሚሉ አሉ፤ ኮከቡ ደምቆ የታየው በሰኔ ስለነበር ግን ብርሃኑ ታየ ከሚባልበት ቀን ጋር አይገናኝም። ኮከብም ሆነ ሌላ፣ ስሙን ያወጣው የንጉሡ እምነት ነው። ይህን ያህል ያማረ ስም የተወገሩትን ሰዎች ሊያስረሳን አይገባም።

«ደብረ ሲናና ደብረ ዘይት የተራራ ስሞች አይደሉም ወይ?» የሚል ይኖራል። ናቸው፤ ሁለቱም በመጽሐፍ ቅዱስ የታወቁ ተራሮች ናቸው። ነገር ግን መነኮሳት ከፍታ እየመረጡ ገዳም ስለሚገድሙ፣ «ደብር» የሚለው የተራራ ቃል ለገዳሙ፣ ኋላም ለቤተ ክርስቲያኑ ተረፈ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን «ደብር» ሲባል ማንም ተራራ አይፈልግለትም። ታላቁ ኢያሱ ጎንደር ላይ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴም ይህንኑ ስም የያዘው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው።

አጠራሩም የራሱ ነገር አለው። «ደብር» መድረሻውን ወደ «ረ» የለወጠው በግእዝ ከ«ብርሃን» ጋር ሲናበብ ነው፤ በአማርኛ ቢሆን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ «የብርሃን ደብር» ይሆን ነበር። በፈጣን ንግግር ደግሞ «ሃ» ትዋጥና «ደብረ ብራን» ይባላል፤ መርሐ ቤቴም እንዲሁ «መራ ቤቴ» ትሆናለች። እንዲህ የሚናገረውን ሰው ተሳሳትክ ማለት አይገባም፤ ጉሮሮ ላይ የሚነገር ድምፅ መዋጡ የአማርኛ ጠባይ ነው፤ ብርሃኑን «ብራኑ» የሚል ስንት አለ! ጽሕፈት ላይ ግን ልዩነቱ ሊጠበቅ ይገባል። «ብርሃን» ከ«በርሀ» ስለመጣ የሚጻፈው በሃሌታው «ሀ» ቤት ነው፤ «መርሐ» በሐመሩ «ሐ» ነው። አንደበት አንድ ያደረጋቸውን ሁለት ድምፆች ለይቶ ያቆየልን ፊደሉ ብቻ ነውና፣ «ደብረ ብርሐን» የሚል ሰሌዳ ሊታረም ይገባል።