የነርሶች መሪነት በሙያ ማኅበራቸው ውስጥ፤ ከበቾ ቦሬ ሲታይ

የሙያ ማኅበር ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው በዋና ከተማ የሚገኝ ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተምና በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ጉባኤ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ማኅበር ለማን እንደቆመ የሚታወቀው አባሉ ሥራውን በሚሠራበት ቦታ እንጂ በጽሕፈት ቤቱ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ነርሶች በማኅበራቸው የመሪነት ቦታ ሲይዙ ሥራቸው ምንድን ነው? መሪነታቸውስ በጅማ ከተማ በበቾ ቦሬ ለምትሠራው ነርስ የሚደርሳት በምን መንገድ ነው?

በቾ ቦሬ ከጅማ ከተማ ቀበሌዎች አንዱ ሲሆን በስሙ የሚጠራ ጤና ጣቢያ አለው። በአገራችን የጤና አገልግሎት አደረጃጀት መሠረት በከተማ የሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ 40,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ነርሲቱ የሐኪም ረዳት ብቻ አይደለችም። ሕፃናትን ትመረምራለች፣ መድኃኒት ታዛለች፣ ክትባት ትሰጣለች፣ ወደ ሆስፒታል መላክ የሚገባውን በሽተኛ ትለያለች። በማዕረግ ዝቅ ብትልም በሥራዋ በየሰዓቱ ውሳኔ የምትሰጥ ሰው ናት። ስለ ሥራዋ በሚወሰንበት ጉባኤ ግን ድምጿ የሚሰማው እርሷን መስሎ የሚናገር ሰው በዚያ ሲገኝ ብቻ ነው። የማኅበር መሪ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ማኅበሩ ከሌሎቹ የሚለይበት

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንዲት ነርስ የምትገናኛቸውን አካላት ለይተን እንይ። የመጀመሪያው አሠሪዋ ነው። ደመወዝ የሚከፍላት፣ የሚያዛውራትና ዕድገት የሚሰጣት እርሱ ነው። ሁለተኛው የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት አካል ሲሆን፣ ዋና ተግባሩ ሕዝቡን ካልተማረ ወይም ከቸልተኛ ባለሙያ መጠበቅ ነው። ሦስተኛው የሠራተኛ ማኅበር ነው፤ ይህም ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪ ጋር የሚደራደር ነው። አራተኛው የሙያ ማኅበር ነው። የእርሱ ሥራ የሙያውን ደረጃና ሥነ ምግባር መጠበቅ፣ አባላቱ ዕውቀታቸውን እንዲያድሱ መርዳትና የጤና ፖሊሲ በሚወጣበት ጊዜ የሙያውን ሐሳብ ማቅረብ ነው።

እነዚህ አራቱ በሁሉም አገር ተለይተው አይገኙም። በጎረቤታችን በኬንያ ነርሶች ከሙያ ማኅበራቸው ሌላ የራሳቸው የሠራተኛ ማኅበር አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰኔ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ የቆየውን የሥራ ማቆም አድማ የመራውም ይኸው የሠራተኛ ማኅበር ነበር። በአገራችን ግን ሁኔታው ይለያል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ቢደነግግም፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። አብዛኞቹ ነርሶች ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው።

ከዚህ የተነሣ የሠራተኛ ማኅበር ሊይዘው የሚገባው ጥያቄ ሁሉ፣ የደመወዙም የትርፍ ሰዓቱም፣ በሙያ ማኅበሩ በር ላይ ይቆማል። የሙያ ማኅበሩ መሪ ይህን ጥያቄ ከመስማት ሊያመልጥ አይችልም፤ ለመደራደር ግን የሚያበቃ ሕጋዊ ሥልጣን የለውም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ሥራ ባቆሙ ጊዜ ይህ ክፍተት በግልጥ ታይቷል። ስለዚህ በነርሶች ማኅበር መሪ ሆኖ መመረጥ የሚያስከብር ቢሆንም፣ ከሥልጣኑ ይልቅ አደራው የሚበዛ ቦታ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከየት እንደመጣ

ዘመናዊ የነርስ ሙያ በአገራችን ረጅም ዕድሜ የለውም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በሙያው ተመርቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1942 በለቀምት በወጣትነታቸው ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፍቶ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሥራውን ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ከጤና መኰንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ላከ። የንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍን ሙያዋ አድርጋ መያዟ፣ ሥራው የአገልጋይ ነው ይባል የነበረበትን አመለካከት ለመለወጥ ቀላል ያልሆነ እርዳታ እንዳደረገ እናምናለን።

የኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበር የተመሠረተው በዚያው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት አባል ሆኗል። ይህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1899 የተቋቋመና ዛሬ ከ130 በላይ የሆኑ ብሔራዊ ማኅበራትን የያዘ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የመጀመሪያዎቹ ነርሶቻችን ከትምህርት ቤት ከወጡ ብዙ ዓመት ሳይሞላቸው በዓለም ጉባኤ ላይ የሚወከል ማኅበር ነበራቸው። ማኅበሩ ወደ ውጭ የሚያደርሰውን መንገድ ቀድሞ አገኘ፤ ወደ ጤና ጣቢያው የሚያደርሰው መንገድ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠረግ ነው።

የጅማን ታሪክ ብናይ፣ የከተማዋ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ትምህርቱ ኅብረተሰቡን መሠረት ያደረገ በመሆኑ፣ የነርስ፣ የሕክምናና የሌሎችም ክፍሎች ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ። የነርስ ተማሪዋ ከወደፊቱ ሐኪም ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣ ሐሳቧን መናገር የምትለማመደው በዚህ ጊዜ ነው። የማኅበር መሪነትም ትምህርቱ ከዚህ ይጀምራል ብንል አልተሳሳትንም።

የመሪው ሥራ

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደሚደነግገው የማንኛውም ማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ከጉባኤው አደራ የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። ይህ አሠራር ከውጭ አገር የመጣ ቢመስልም ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በጅማ ሰፈሮች እስላሙም ክርስቲያኑም በየእድሩ ተደራጅቶ የሚኖር ስለሆነ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ምን እንደሚሠሩ ማንም ያውቃል። እድሩ ከእነዚህ ሌላ አንድ ሰው አለው፤ እርሱም ጡሩምባ ነፊው ነው። ክብሩ ከዳኛው ያነሰ ይምሰል እንጂ፣ እርሱ በሌሊት ተነሥቶ በየደጃፉ ካልዞረ ዳኛው የሚሰበስበው ሰው አያገኝም።

በእኛ አስተያየት የሙያ ማኅበሮቻችን የሚጎድላቸው ዳኛ ሳይሆን ይህ ጡሩምባ ነፊ ነው። የፈቃድ ማደሻ ደንብ ሲለወጥ፣ ተከታታይ የሙያ ሥልጠና ሲከፈት፣ ወይም በአንድ የሕክምና መመሪያ ላይ አስተያየት ሲጠየቅ ወሬው በአዲስ አበባ ይሰማል። ጅማ ከዋና ከተማው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አጋሮና ሊሙ ገነት ከዚያም ይርቃሉ። ዛሬ በስልክ መልእክት ማስተላለፍ ይቻላል፤ ሆኖም መልእክት መላክና ሰውን ማሰባሰብ አንድ አይደሉም። ደንቡ ለበቾ ቦሬዋ ነርስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳትና የእርሷን መልስ ይዞ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል።

ነርሶች ለዚህ ሥራ የሚሆን ልማድ ከሙያቸው ይዘው ይመጣሉ፤ እርሱም የተረኞች ርክክብ ነው። የሌሊት ተረኛዋ ለቀኗ ተረኛ ስታስረክብ የትኛው በሽተኛ እንደከበደው፣ የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠና የትኛው ሥራ እንደቀረ አንድ በአንድ ትናገራለች፣ በመዝገብም ትጽፋለች። የተባለው ያልተጻፈ እንደሆነ በሽተኛው መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ሊወስድ ወይም ጭራሹን ሊያጣው ይችላል። ይህንኑ ልማድ ወደ ማኅበር ብናመጣው፣ የሚወርደው መሪ ለሚተካው ያላለቀውን ጉዳይ በጽሑፍ ያስረክባል ማለት ነው። ብዙ ማኅበራት በምርጫ ማግሥት እንደገና ከሀ የሚጀምሩት ርክክብ ስለሌላቸው ነው።

እንቅፋቶቹ

የመጀመሪያው እንቅፋት በአንድ ሰው ላይ ሁለት ኃላፊነት መደራረቡ ነው። ነርሶች ለመሪነት ሲመርጡ ዓይናቸው በቅድሚያ የሚያርፈው በሜትሮኗ ወይም በክፍል ኃላፊዋ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ልምድ አላት፣ ትከበራለች፣ መናገርም ታውቃለች። ነገር ግን የተረኞችን ዝርዝር የምታወጣውና ቀሪውን የምትቆጣጠረው እርሷው ናት። በተረኛ አመዳደብ ላይ ቅሬታ ያላት ወጣት ነርስ አቤቱታዋን ለማን ታቅርብ? አቤት የሚባልበትና አቤት የሚባለው አንድ ሰው ሲሆን ጉዳዩ ሳይነሣ ይቀራል። ኃላፊዎች አይመረጡ ማለታችን አይደለም። ዳሩ ግን በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ኃላፊነት የሌላቸው የክፍል ነርሶችም ቁጥራቸው በርከት ብሎ ሊገኙ ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለውም ለዚህ ይስማማል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ይለቀማል፤ ለቃሚው ከሩቅ ይመጣል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜም የወባ ወቅት ነው። በእነዚህ ወራት ጤና ጣቢያውን ለቆ ለጉባኤ መሄድ ለነርሲቱ ቀላል አይደለም። የጉባኤው ቀን በዋና ከተማ ሲቆረጥ የቡናውንና የወባውን ወራት ያላሰበ እንደሆነ፣ የጅማ ነርሶች ማንም ሳይከለክላቸው ከምርጫው ይቀራሉ።

ሦስተኛው የሴቶች ድርሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ 28 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርስ ሙያ ሠራተኞች እንዳሉና ከመቶ 90ው ሴቶች እንደሆኑ ገልጧል። ይኸው ድርጅት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንዳመለከተው ከጤና ሠራተኞች ከመቶ 70ው ሴቶች ሲሆኑ፣ ከፍተኛውን የኃላፊነት ቦታ የያዙት ግን ከመቶ 25 ብቻ ናቸው። በአገራችን በሙያው ብዙ ወንዶችም ይገኛሉ። በሽተኛው ሴቷን «ሲስተር» ይላታል፤ ወንዱን ነርስ ግን ብዙ ጊዜ «ዶክተር» ብሎ ይጠራዋል። ነገሩ ቀላል ቢመስልም በመሪነት ላይ ጥላውን ያጠላል፤ በስብሰባ ላይም ቶሎ የሚደመጠው «ዶክተር» የተባለው ነው። ከዚህም በላይ ሴቷ ከሥራ በኋላ የቤቱ ሥራ ስለሚጠብቃት ማታ የሚደረግ ስብሰባ ለእርሷ የተዘጋ በር ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተነገረው የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየጤና ጣቢያው አንዲት ነርስ የማኅበሩ መልእክተኛ ሆና በባልደረቦቿ ትመረጥ፤ ሥራዋም የመጣውን ማሰማትና የተባለውን ጽፎ መመለስ ይሁን። ሁለተኛ፣ ስብሰባው ተረኞች በሚለዋወጡበት ሰዓት በዚያው በሥራ ቦታ ይደረግ። ሦስተኛ፣ ለፈቃድ ማደሻ የሚያስፈልገው ሥልጠና ጅማ ላይ እንዲሰጥ ማኅበሩና ዩኒቨርሲቲው ይስማሙ፤ መምህራኑም ተቋሙም በዚያው አሉና። አራተኛ፣ ማኅበሩ ስለ ደመወዝ መደራደር የማይችል ከሆነ ይህንኑ ለአባላቱ በግልጥ ይንገር፤ ጥያቄያቸውን ግን በጽሑፍ አደራጅቶ ለሚመለከተው ክፍል ማቅረብ አይከለከልምና ይህን ያድርግ።

በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን የነርሶች ቀን ይከበራል፤ ንግግር ይደረጋል፣ ሻማ ይበራል። በዓሉ መልካም ነው። የመሪነቱ መመዘኛ ግን የሚገኘው በማግሥቱ ነው፤ ይኸውም የበቾ ቦሬዋ ነርስ ባለፈው ጉባኤ ያቀረበችው ጥያቄ ምን መልስ እንዳገኘ ስትጠየቅ መናገር ከቻለች ነው። መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ ከነምክንያቱ ደርሷት ከሆነ ማኅበሩ መሪ አለው ማለት ነው።