ተጨማሪ መረጃ፦ የአካባቢ ሕግን በተግባር መለማመድ

የአካባቢ ሕግን ለመለማመድ የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለብን ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የሐድያ ልጅ ከሆናችሁ ግን ጉዳዩ ደጃችሁ ነው። ከሻሸጎ ወረዳዋ ቦኖሻ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የቦዮ ሐይቅና ረግረጋማ መሬት ይገኛል። ከተራቆተው ተዳፋት ጎርፍ የሚያመጣው ደለል ያሰጋዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ጥያቄ ይነሳል፦ ስለ ረግረጉ ማን መክሰስ ይችላል? በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 ከሳሽ በጉዳዩ ላይ መብት ወይም ጥቅም ያለው መሆን አለበት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ግን ይህን ቅድመ ሁኔታ አንስቶታል። ማንም ሰው በመጀመሪያ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ይላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የሕዝብ ጥቅም ክስ፦ ከሳሹ ለግል ጥቅሙ ሳይሆን ለማኅበረሰቡ ብሎ የሚያቀርበው ክስ ነው። አንድ የሰብዓዊ መብት ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በዚህ መንገድ ቢከስም፣ ክሱ ውድቅ ሆኗል። ስለዚህ የመክሰስ መብት ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ ተከሳሹን መለየትና ማስረጃ ማደራጀትም ሙያ ይጠይቃል።

እስቲ ሞክሩ፦ በአቅራቢያችሁ ያለ ወንዝ ወይም ቆሻሻ መጣያ ምረጡ። ቀኑን፣ ቦታውንና ያያችሁትን መዝግቡ፤ ፎቶ አንሡ። ከዚያም የአንድ ገጽ አቤቱታ አርቅቁና ለመምህራችሁ ወይም ለነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አሳዩ።