በከርነልና በፕሮግራሞች መካከል ያለው ድንበር

ሜሞሪ የሚያከፋፍለው፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ከርነል ይባላል። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ፋይል ለመክፈት እንኳ በሲስተም ኮል በኩል እሱን መጠየቅ አለባቸው። ይህን ድንበር የሚያስከብሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሃርድዌሩና የከርነሉ አዘጋጆች የገቡት ቃል።

የሃርድዌሩ ታሪክ ረጅም ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤምአይቲ፣ ቤል ላብስና ጄኔራል ኤሌክትሪክ የጀመሩት መልቲክስ ሥልጣንን “ቀለበት” በተባሉ እርከኖች ከፋፈለ። በ1982 የወጣው የኢንቴል 80286 ፕሮሰሰርም አራት እርከኖች ነበሩት። ሊኑክስና ዊንዶውስ በዋናነት የሚሠሩት በሁለቱ ነው፤ ከርነሉ በቀለበት 0፣ ፕሮግራሞች በቀለበት 3። የቀድሞው የማይክሮሶፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኤምኤስ-ዶስ እንዲህ ያለ ጥበቃ ስላልነበረው አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ማሽኑን በሙሉ ሊያቆመው ይችል ነበር።

ከድንበሩ ወዲያ፣ ከርነሉ ውስጥ፣ ምን ይግባ የሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን ያከራክራል። በ1992 ሚኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደራሲ አንድሩ ታነንባም የከርነሉ ሥራ ጥቂት እንዲሆን፣ ድራይቨሮችና የፋይል ስርዓቱ ከእሱ ውጭ እንዲሠሩ ሲሟገት፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሁሉን በአንድ ላይ የያዘውን ሊኑክስን ደግፎ ተከራከረ። በሐምሌ 2024 የደኅንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን የጣለው፣ የደኅንነት ሶፍትዌሩ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ነው።

ሁለተኛው አስከባሪ ቃል ነው። ሊኑክስ ለፕሮግራሞች የሰጠውን ሲስተም ኮል እንዳያበላሽ ይጠነቀቃል፤ የውስጥ አሠራሩን ግን እንዳሻው ይቀይራል። የሲስተም ኮሎቹና የውስጥ አሠራሩ መግለጫዎች ለረጅም ጊዜ በተመሳሳይ የሄደር ፋይሎች ውስጥ ተቀላቅለው ቆይተው፣ በ2012 የወጣው ስሪት 3.7 በከርነል አዘጋጁ ዴቪድ ሃውልስ ሥራ ለውጭ የሚታየውን ወደ ተለየ ማውጫ አወጣው። ዊንዶውስ በበኩሉ የሲስተም ኮል ቁጥሮቹን ከስሪት ስሪት ይቀያይራል፤ ፕሮግራሞች የሚጠሩት መካከል ላይ ያሉትን ዲኤልኤል የተባሉ የላይብረሪ ፋይሎች በመሆኑ ለውጡ አይነካቸውም።

የመለየቱ ጥቅም በጥር 2018 በግልጽ ታየ። ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር ጉድለት ተራ ፕሮግራም የከርነሉን ሜሞሪ እንዲያነብ መንገድ ከፈተ። የሊኑክስ አዘጋጆች የከርነሉን የሜሞሪ ሰንጠረዥ ከፕሮግራሞቹ ለዩት። አንዳንድ ሥራዎች ፍጥነታቸው ቀነሰ፤ ሆኖም ለውጡ የውስጥ ጉዳይ ስለነበር ፕሮግራሞቹን እንደገና መጻፍ አላስፈለገም። ለውጭ የተሰጠ ነገር ሁሉ ለዓመታት የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ከርነሉ ራሱን መጠገን የሚችለው ለራሱ ባስቀረው መጠን ነው።