ጽንስ አልያዝ ስለሚላቸው ሴቶች

በትዳር ልጅ ሲጠፋ አስቀድማ የምትወቀሰው ሚስቲቱ ናት። ዕድሜዋ ከ40 ዓመት ያለፈ እንደሆነ ደግሞ ወቀሳው ይበረታል፤ እርስዋም ራስዋ ማኅፀኔ አርጅቷል ብላ ታዝናለች። በዚህ ምክንያት የሚፈርሰው ቤት ጥቂት አይደለምና፤ የዛሬው ሕክምና ስለዚህ ነገር የሚለውን ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

እንቁላልን ከሴት አውጥቶ፥ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ከወንድ ዘር ጋራ አዋሕዶ ወደ ማኅፀን የመመለስ ጥበብ የመጀመሪያ ፍሬውን ያሳየው በ1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ ሉዊዝ ብራውን በተወለደች ጊዜ ነው። በአገራችንም በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይኸው ሕክምና ተከፍቷል።

ዳሩ ግን የገባው ጽንስ ሁሉ ሥር አይሰድም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሳይያዝ ሲቀር፥ ባልና ሚስቱ ገንዘባቸውም ተስፋቸውም ያልቃል።

ማኅፀንን የሚያዘጋጁት ሆርሞኖች ሁለት ናቸው። አስቀድሞ ኤስትሮጅን የሚባለው ለሁለት ሳምንት ያህል በኪኒን ወይም በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መድኃኒት ይሰጣል፤ የማኅፀኑንም ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ይለካና ብዙውን ጊዜ 7 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ እስኪሆን ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ፕሮጄስትሮን በመርፌ ወይም በብልት ውስጥ በሚቀመጥ መድኃኒት ይጨመራል። ሽፋኑን ለጽንስ የሚያመቻቸው ይህ ነው። አምስት ቀን ያደገው ጽንስ የሚገባው ፕሮጄስትሮን ከተጀመረ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ገደማ ስለሆነ፥ መድኃኒቱን በታዘዘው ሰዓት መጀመር ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሆርሞኑ ይህን ያህል ከሠራ፥ በዕድሜ የገፋችው ሴት ስለ ምን ትቸገራለች? መልሱ ብዙውን ጊዜ በእንቁላሉ ላይ ነው። እንቁላል ከባለቤቲቱ ጋራ ያረጃል፤ ከ40 ዓመት በኋላ ከሚገኙት ጽንሶች ከግማሽ የሚበልጡት የክሮሞዞም ቍጥራቸው የተዛባ ነው፤ እንዲህ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ አይያዝም፥ ቢያዝም ይወርዳል። ማኅፀኑ ግን እንደ እንቁላሉ ፈጥኖ አያረጅም። በ1990 የካሊፎርኒያ ሐኪሞች ከ40 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሴቶች በሆርሞን ተዘጋጅተው ከወጣት ሴት በተሰጠ እንቁላል እንዳረገዙ አስታውቀዋል። የሌላ ሴት እንቁላል መቀበል የዘርን ነገር የሚነካ ስለሆነ፥ ባልና ሚስት በዝግታ ሊመክሩበት የሚገባ ነው።

ስለዚህ ሆርሞን ያረጀውን እንቁላል ያድሳል የሚል ሰው ቢገኝ ማስረጃውን ይጠየቅ። ፕሬድኒሶን የሚባለው መድኃኒት ለዚሁ ችግር በየአገሩ ሲታዘዝ ኖሯል። በቻይና ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ያልተሳካላቸው 715 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፥ እኵሌቶቹ መድኃኒቱን፥ እኵሌቶቹ መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን ወሰዱ። በ2023 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው የወለዱት በሁለቱም ወገን ከመቶ 38 ያህል ናቸው፤ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ እንዲያውም ያለ ጊዜው መውለድ በዝቷል። እነዚህ ሴቶች ከ38 ዓመት በታች ነበሩ፤ ለትልልቆቹ ይበጃል ለማለት ከዚህ የሚገኝ ድጋፍ የለም።

የባልም ዘር ይመርመር፤ ይህን ብዙ ጌቶች ይሸሹታል። እመቤቲቱም ደም የመርጋት ወይም የጡት ካንሰር ደርሶባት እንደሆነ ኤስትሮጅን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ትንገር። በዚህ መንገድ ተዘጋጅታ ያረገዘችም እንደሆነ፥ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኑን ራሱ እስኪሠራ ድረስ መድኃኒቱ እስከ 10ኛው ወይም 12ኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ ደኅና ነኝ ብላ በራስዋ ፈቃድ አታቋርጠው።