የልጆች የዝናብ አለባበስ በጎሬ

የልጆች የዝናብ አለባበስ ማለት ትንንሽ ልጆች በዝናብና በጭቃ ወቅት ደጅ ሲጫወቱ እንዳይበርዳቸውና እግራቸው ከእርጥብ አፈር እንዲጠበቅ የሚለብሱትና የሚጫሙት ነው። ዝናቡ ለብዙ ወራት በሚቆይባቸው እንደ ጎሬና መቱ ባሉ የኢሉባቦር ከተሞች ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የጤና ጉዳይ ነው።

የአየር ጠባይ

ጎሬ በኦሮሚያ ክልል በኢሉባቦር ዞን፣ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከመቱ 400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ከእርሷ ትቀዘቅዛለች። በአብዛኛው የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክፍል ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በጎሬ ግን ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ ጸደይ (በልግ) የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ በዚያ የዝናብ ወቅት ነው። ልጆችን ዝናቡ እስኪያልፍ ቤት ማቆየት ማለት የዓመቱን ግማሽ ከጨዋታ መከልከል ይሆናል።

ልብስ

ውኃ ሙቀትን ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያስተላልፋል። የትንንሽ ልጆች ቆዳ ስፋት ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ስለሚበልጥ፣ የረጠበ ልጅ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። የጥጥ ልብስ ውኃ ይዞ ስለሚቆይና ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ፣ ለመካከለኛው ድርብ የሱፍ ሹራብ ይመረጣል፤ ሱፍ ረጥቦም ቢሆን በመጠኑ ያሞቃል። ከላይ ውኃ የማያስገባ የዝናብ ልብስ ይደረባል። የዝናብ ልብስ በሌለበት ቤት ላስቲክ ያገለግላል፤ ነገር ግን ፊትን እንዳይሸፍንና አንገት ላይ እንዳይታሰር ጥንቃቄ ያሻዋል። በቀድሞ ዘመን በደጋው አገር እረኞች ከሣር የተሠራ ገሳ ይለብሱ ነበር።

ልጁ እንደበረደው ለማወቅ እጁን ሳይሆን ማጅራቱን መንካት ይሻላል፤ የእጅ ጣቶች ሌላው ሰውነት ሞቆም ይቀዘቅዛሉ።

ጫማ

ከሁሉ የሚበልጠው የጫማ ጉዳይ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ሕዝቡ ዝሆኔ ከሚላቸው በሽታዎች አንዱ ነው። በሽታው የሚገኘው ከፍታቸው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነና ብዙ ዝናብ በሚያገኙ ቦታዎች ሲሆን፣ የኢሉባቦር ደጋማ ክፍልም ይህን ጠባይ ይዟል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት አስረድቶ ስሙን አውጥቶለታል።

ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ታማሚዎች ግን ይተላለፋል ወይም እርግማን ነው በሚል እምነት ከትምህርትና ከትዳር ይገለላሉ። በዘር ምክንያት ተጋላጭ የሆኑ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ከልጅነታቸው ጀምረው ጫማ ካደረጉና እግራቸውን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ከታጠቡ በሽታውን መከላከል ይችላሉ። ጫማ በእርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ በእግር ቆዳ በኩል ከሚገባው የመንጠቆ ትልም ይጠብቃል።

ለጭቃ የላስቲክ ቦቲ ከካልሲ ጋር ተስማሚ ነው። ኮንጎ ጫማ ርካሽና በቀላሉ የሚታጠብ ቢሆንም፣ ክፍት ከሆነ ጭቃ ያስገባል። ሸራ ጫማ ውኃ ስለሚጠጣ ለዝናብ አይሆንም። በጣም የሰፋ ቦቲ ልጅን ይጥላል፣ የጠበበውም እግር ያቆስላል።

ከጨዋታ በኋላ

ልጁ ቤት እንደገባ እርጥቡ ልብስ ይወልቃል፣ እግሩ ይታጠባል፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ሁሉ ይደርቃል። ቦቲው ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ከእሳት ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሙቀት ላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ነጎድጓድ ሲሰማ ግን የትኛውም ልብስ ስለማያድን ልጆች ከሜዳና ከዛፍ ሥር ወጥተው ቤት መግባት አለባቸው።