«የሞተ» ታብሌት እንዴት ይነሣል?

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ወር አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪያችን ስክሪኑ የጠቆረ ታብሌት ኮምፒዩተር ይዞ ወደ ቢሯችን መጣ። «ዶክተር፣ ሞተብኝ» አለን። ታብሌቱ የሥርዓት ማሻሻያ በመጫን ላይ ሳለ መብራት ጠፍቷል። ባትሪው 60 በመቶ ያሳይ ነበር፤ ነገር ግን ያረጀ ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር፣ ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ በድንገት ይወድቃል። ተማሪው ያዘነው ለዕቃው አልነበረም። ለመመረቂያ ጽሑፉ ከፀሐይ ፓኔል ላይ ለ23 ቀናት የመዘገባቸው ንባቦች ያሉት እዚያው ታብሌት ውስጥ ብቻ ነበር። የወሰደበት ጠጋኝም «ሁሉንም አጥፍቼ እጭንልሃለሁ» ብሎታል።

ለመሆኑ የሞተው ምንድን ነው? ቺፑ አልተቃጠለም፤ ሽቦው አልተበጠሰም። የጠፋው ፈርምዌሩ፣ ማለትም ማብሪያው እንደተጫነ መሣሪያውን ከእንቅልፉ የሚያነቃው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የሚኖረው በፍላሽ ሜሞሪ ውስጥ፣ በታሰሩ ኤሌክትሮኖች መልክ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ በቤል ላቦራቶሪ በ1967 እ.ኤ.አ. ዙሪያውን በኢንሱሌተር የታሸገ ጌት ያለው ትራንዚስተር አቀረቡ። የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. ፍላሽ ሜሞሪን ለዓለም አስተዋወቀ። የኢንሱሌተሩ ግድግዳ 10 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ቢኖረውና 10 ቮልት ብናሳርፍበት፣ የኤሌክትሪክ መስኩ በሜትር አንድ ቢሊዮን ቮልት ይደርሳል። በክላሲካል ፊዚክስ ኤሌክትሮኑ ግድግዳውን ለመሻገር የሚበቃ ኃይል የለውም፤ በኳንተም መካኒክስ ሕግ ግን የሞገድ ጠባይ ስላለው ሾልኮ ያልፋል። (የኳንተም ኮርስ ተማሪዎች «ይህ የፖቴንሻል ግድግዳ ምን ይጠቅመናል?» እያሉ ሲያጉረመርሙ እንሰማለን። እነሆ፣ ኪሳቸው ውስጥ አለ።) ቮልቴጁ ሲነሣ ኤሌክትሮኑ መውጫ አጥቶ ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል። በአዳዲስ ቺፖች በአመዛኙ የታሸገው ጌት በሲሊኮን ናይትራይድ ንብርብር ቢተካም፣ መሠረቱ ያው ኤሌክትሮንን ማሰር ነው።

ይሁን እንጂ ፍላሽ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አንዲትን ቢት ለብቻዋ ነጥሎ መሰረዝ አይችልም፤ የሚሰረዘው አንድ ሙሉ ብሎክ ነው፤ አዲሱ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። መብራቱ የጠፋው በእነዚህ ሁለት ድርጊቶች መካከል ከሆነ፣ አሮጌው የለም፣ አዲሱም ገና አልተጻፈም። በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 7.0 ወዲህ በርካታ መሣሪያዎች ሁለት የሥርዓት ቅጂ እየያዙ ማሻሻያውን በማይሠራበት ቅጂ ላይ ይጽፋሉ። የተማሪያችን ታብሌት ግን ይህ ዕድል አልነበረውም።

የሚያድነው ነገር ሌላ ነው። በዋናው ቺፕ ውስጥ ቡት ሮም የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ይህ በኤሌክትሮን የተጻፈ ሳይሆን ቺፑ በፋብሪካ ሲሠራ በራሱ በሰርኪዩቱ ቅርጽ የተቀረጸ ስለሆነ፣ መብራት ቢጠፋም ሆነ ሰው ቢሳሳት አይሰረዝም። ቀጣዩን ፕሮግራም ፈልጎ ሲያጣ በዩኤስቢ ገመድ በኩል ትእዛዝ ይጠብቃል። ይህን የመጠበቅ ሁኔታ አፕል ዲኤፍዩ፣ ኳልኮም ኢዲኤል፣ ኤንቪዲያ ኤፒኤክስ ይሉታል።

የድምፅ ቁልፉን ተጭነን ገመዱን ሰካን። ስክሪኑ እንደጠቆረ ነው፤ ሆኖም ኮምፒዩተራችን አዲስ መሣሪያ መገናኘቱን በድምፅ አሳወቀን። ተማሪው ብድግ አለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ጥንቃቄ እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። ከጀርባው የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አነበብን፤ አንድ ስም ይዘው በተለያየ ቦርድ የሚሠሩ ታብሌቶች አሉና። ከአምራቹ ያወረድነውን ፋይል ቼክሰም ከታተመው ጋር አመሳከርን። አሮጌ ቅጂ ላለመጫንም ተጠነቀቅን፤ የተጠቃሚው መረጃ የሚመሰጠርበት ቁልፍ በአሮጌ ሥርዓት ላይ ላይሠራ ይችላል። የመጫኛው ሶፍትዌር «ሁሉንም አጥፋና ጫን» የሚል ምርጫ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ነበር። ጠጋኙ ሊጫነው የነበረው ይህንኑ ነው፤ እኛም ችኩል ብንሆን ኖሮ በተጫነው ነበር። ምልክቱን አነሣን፤ የተጠቃሚው መረጃ ያለበትን ክፍልም ከዝርዝሩ አስወጣን። በእኛ እምነት እንዲህ ያለ ምርጫ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት መቅረቡ ራሱ የንድፍ ጉድለት ነው።

ጽሕፈቱ ጥቂት ደቂቃዎች ወሰደ። ከዚያም ታብሌቱ ረጅም ጊዜ አርማውን ብቻ እያሳየ ቆየ፤ እኛም ዝም ብለን ተመለከትነው። በመጨረሻ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

የ22 ቀናት ንባብ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። 23ኛው ቀን ግን አልነበረም፤ ተማሪው ሳያስቀምጠው ማሻሻያውን ጀምሮ ኖሯል። ፋይሉን ያኔውኑ በሁለት ፍላሽ ዲስኮች ገለበጠው፤ በማግስቱም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቮልትሜትሩን ይዞ ጣሪያው ላይ ነበር።